እህቴ ለእጩው የሰጠችው መልስ

ታናሽ እህቴ የምትኖረው ለንደን ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር፣ ከልጄና ከልጆቿ ጋር። እህቴ የምትደውለው ለእኔ ጠዋት፣ ለእሷ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ልጄ ኒው አልባኒ ካለው የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ ቁርስ ትቀማምሳለች። ልጆቹ ገና አልተነሱም። እኔ ወጥ ቤት ካለው መስኮት ሥር ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። የእንግሊዝን ምርጫ የተከታተልኩት እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቴሌቪዥኑም ሳያወራው አልቀረም፤ እኔ ግን የማምነው እህቴን ነው።

እህቴ ሆስፒታል ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እዚያ አገር ጸጉሯ እስኪሸብት ኖራለች፤ ዜግነቱን የወሰደችው ግን በቅርቡ ነው። ፈተናውን እየፈራች፣ ዛሬ ነገ እያለች፣ ቆይታ ቆይታ። ስለዚህ ያ ምርጫ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀኑ በተቆረጠ ሰሞን ደወለችና፣

«እትዬ፣ እኔም እኮ ልመርጥ ነው!» አለችኝ። ድምፅዋ ለዓመት በዓል ጫማ የተገዛላት ልጅ ድምፅ ነበር።

«እሰይ! ታዲያ ማንን?»

«ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ መጥተው ይለምኑኝ» አለችና ሳቀች።

ለቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሯን ኖሯል።

ብትጠብቅ ብትጠብቅ ምንም የለም። ቅስቀሳው ቀዘቀዘባት። በሰፈሯ ሙዚቃ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፤ አልፎ አልፎ መስኮት ላይ የተለጠፈች ወረቀት ብቻ። «እትዬ፣ አገር የሚመራ ሰው ሊመረጥ ነው ወይስ የአውቶቡስ ሰዓት ሊቀየር?» ትለኛለች። የሰማችውን ሁሉ ለእኔ ታመጣልኛለች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ «ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው፤ ምን ያለፋኛል?» ብላታለች። ቤተ ክርስቲያን አብራት የምታስቀድሰው ጓደኛዋ ደግሞ ክርክሩን በቴሌቪዥን ለማየት ሞክራ እንቅልፍ ወስዷታል፤ «አንዱ ሲጀምር ሌላው የጨረሰውን ነው የሚደግመው» አለች አሉ። ግድግዳ የሚያዋስናት ጎረቤቷ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነው። ሚስቱ ሞታበት ቲማቲም ሲተክል የሚውል። እሱም «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አሰልቺ ምርጫ አላየሁም» አላት።

«ታዲያ ዘንድሮ አትመርጥም?» ስትለው ግን ደነገጠ።

«እንዴት አልመርጥም? አሰልቺ ነው አልኩ እንጂ እቀራለሁ መች አልኩ!»

እኔ ይህን ሽማግሌ ሳላየው ወደድኩት። ወጡ ጨው አንሶታል እያለ ያጉረመርማል፤ ከማዕዱ ግን አይነሳም።

እኛ ጋ፣ ኦሃዮ፣ ምርጫ ሲመጣ ሌላ ነው። ስልኬ በቴክስት ይሞላል። የፖስታ ሳጥኑ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይጨናነቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ «ይህ ሰው ከተመረጠ አለቀላችሁ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወፍራም ድምፅ ስለ ተቀናቃኙ ያንኑ ይላል። በየቤቱ ፊት ሣሩ ላይ ያርድ ሳይን የሚሉት፣ የእጩ ስም ያለበት ሰሌዳ ይተከላል። እኔ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ ስለምወድ እየዞርኩ አነባቸዋለሁ። የእኛን ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የእንግሊዝኛውን ደግሞ እዚሁ ከመንገድ ላይ ለቅሜዋለሁ። በመንገዳችን ሣር ማጨጃ የሚዋዋሱ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንዱ የአንዱን እጩ፣ ሌላው የተቀናቃኙን ሰሌዳ ተከሉና ያን ሰሞን ሲተያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሣሩም አደገ።

ይህን እያሰብኩ ለእህቴ፣ «አንቺ ቀዘቀዘ ትያለሽ፣ እኔ ግን ቀናሁ» አልኳት።

«ምኑ ነው የሚያስቀናሽ?»

«ማንም ከማንም አልተጣላማ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች። ግን ደስ አላላትም። እሷ የፈለገችው መጠየቅ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ ስልኩን እንዳነሳሁ «እትዬ፣ መጡ!» ብላ ጮኸች።

«እነማን?»

«እጩው ራሱ! ከአንዲት አሮጊት ጋር። ወጣት ነው፣ ዝናብ አበስብሶታል። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። በር ላይ ቆሙ።»

«ቆሙ?»

«ቆሙ እልሻለሁ! ‹ድምፅዎን ይሰጡኛል ወይ?› አለኝ፣ በትሕትና።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ከዘመድ ልማከርበትና መልስ እሰጣችኋለሁ፣ ተመለሱ አልኳቸዋ።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት። ያደግነው አንድ ቤት ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ሲቆም፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ማለትም የመጣውን ሰው ማዋረድ ነው። ቀጠሮ ይሰጣል። እነሱም ይመለሳሉ።

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ኦፍ ኮርስ፣ ኦፍ ኮርስ› አለ። አሮጊቷ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።»

«ቀጠሮውን ይሆናላ!»

ከዚያ መማከር ጀመርን። «መቼም እኔ ዘመድ የምለው አንቺን ነው» አለችኝ። እኔም ወጉ እንደሚያዘው ጠየቅሁ።

«የማን ልጅ ነው?»

«አባቱ አስተማሪ ነበር ይላል ወረቀቱ።»

«ትዳርስ?»

«ሚስት አለው። ውሻም አለው፣ አብሮት ፎቶ ተነስቷል።»

«ውሻውን ተዪው። ጠባዩስ?»

«ጠባዩ መልካም ነው፤ ግን እትዬ፣ ስለ አውቶቡሱ ጠይቄው ነበር።» ይህ አውቶቡስ ከደጇ አንስቶ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያደርሳት የነበረ ነው። መስመሩ ቀረና አሁን በታመመ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ወርዳ ትሳፈራለች። «ፊቱን አሳዘነና ‹አየዋለሁ› አለኝ። ምኑን እንደሚያይ አልገባኝም። አውቶቡሱ እኮ የለም።»

ተመካከርን፣ ተመካከርን፣ መልሱ እምቢ እንዲሆን ተስማማን። ግን በክብር፣ ሻይ አቅርባ፣ አስቀምጣቸው። እህቴ ሳሎኗን አጸዳች። ብስኩት ገዛች። ከሰዓት በኋላ እንዳያጧት ብላ ከቤት አልወጣ አለች። እነሱ ግን አልመጡም። የምርጫው ቀን እየቀረበ ሄደ።

ይህን ሁሉ የምናወራው ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ነው። አንድ ጠዋት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ማሚ፣ ዌይት። አክስቴ እየጠበቀቻቸው ነው?»

«አዎ፣ ቀጠሮ ሰጥታቸው።»

«ኦ ማይ ጋድ። ማሚ፣ አይመጡም እኮ። በር ኖክ የሚያደርጉት አንዴ ነው። አስብበታለሁ ያለውን ‹ሜይቢ› ብለው ይጽፉና ወደሚቀጥለው ቤት ሙቭ ያደርጋሉ።»

«ተመለሱ ብላቸዋለች!»

«እዚህም እዚያም ሰው እንዲሄድለት ሲፈልግ ነው እንደዛ የሚለው። እንደዛ ነው ፖላይት የሚኮነው።»

ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። በማግስቱ ስትደውል ቀስ አድርጌ ነገርኳት።

«እኔ ሂዱልኝ ያልኳቸው መሰላቸው?»

«አላወቁማ፣ እናቴ። ወጋችንን ከየት ያውቁታል?»

«ይሁን፣ አይወቁ። ግን በአንድ መምጣት? የፈለጉኝ ይህን ያህል ነው? በቃ አልመርጥም፣ እትዬ። ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ድምፅ ኖሬያለሁ፤ እንደዛው እኖራለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁና በእግሬ ወጣሁ። እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ለአንድ ምርጫ አልነበረም የከፋኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሰው አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን አገሩ ደጇ መጥቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲላት ደስ ብሏት ነበር። አሁን አልጠየቀኝም ብላ ልትቀር ነው።

ስመላለስ አባታችን ትዝ አለኝ። የአጎቴን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቀጠሮ ሰጥቷቸው ወንዙ ሞላና ቀሩ። ቤተሰቡ ናቁን ብሎ ሲያኮርፍ አባታችን «ጥያቄያቸው እኔ ዘንድ ቁጭ ብሏል፤ የሰው ጥያቄ ይዤ አላድርም» አለና በገበያ ቀን ፈልጎ አግኝቷቸው መልሱን ነገራቸው። ገብቼ እኔው ራሴ ደወልኩላት። እኔ ስደውልላት ስለማታውቅ ክፉ ነገር መስሏት ደነገጠች።

«የአባባን ነገር ረሳሽው?» አልኳት። «ያ ልጅ ጥያቄውን አንቺ ጋ ጥሎ ነው የሄደው። መልሺለት።»

«የት አግኝቼው?»

ያገኘችው በጎረቤቷ በኩል ነው። በአጥር ላይ ብትጠይቀው፣ በማግስቱ እጩዎቹ ሁሉ ሰፈራቸው ያለው የእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተቀምጠው ከሕዝብ ጥያቄ እንደሚቀበሉ ነገራት። እሱ ሊሄድ ኖሯል። «አሰልቺ ይሆናል፤ ግን ሻይ አለ» አላት።

የሆነውን ሁሉ በማግስቱ ነገረችኝ። ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። እጩዎቹ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ የሚናገረው ሲናገር የቀሩት ዝም ብለው ይሰማሉ። ስለ መንገድ ጉድጓድ ተጠየቀ፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ ተጠየቀ። ከዚያ እህቴ እጇን አወጣች። ማይክ ሰጧት።

«ጥያቄ የለኝም» አለች። «መልስ ነው ያለኝ።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «አንተ ደጄ መጥተህ ጠይቀኸኝ ነበር። ከዘመድ ልማከር ብዬህ ነበር። ዘመዴ አሜሪካ ነው ያለችው፤ ተማክረናል። መልሳችን እምቢ ነው። ስለ ጠየቅኸኝ ግን አክብሬሃለሁ፤ ለዚህ ነው በእግሬ የመጣሁት።»

«ከዚያስ?» አልኩ እኔ።

«ከዚያማ ተነስቶ ቆመ።»

«ተነሳ?»

«ብድግ አለ፣ ከወንበሩ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ፤ ጎረቤቴማ ሰዉ ካቆመም በኋላ ለብቻው ያጨበጭብ ነበር። ልጁ ‹አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው በሩን ነው የሚዘጋብኝ› አለኝ። ‹ምክንያቱን ቢነግሩኝ?› ሲለኝ አውቶቡሱን ነገርኩት።»

«አልተቆጣም?»

«አልተቆጣም።»

«አብረውት ያሉትስ ክፉ ቃል አልተናገሩሽም?»

«እትዬ ደግሞ! ያቺ አሮጊት ኬክ ሰጠችኝ።»

ልጄም ሰምታ ሳቀች፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ሥልጣን የሚፈልግ ሰው እምቢታውን ሲቀበል ከወንበሩ ይነሳል፤ እምቢ ያለችውም ሴት ኬኳን በልታ፣ ከጎረቤቷ ጋር እያወራች ቤቷ ትገባለች። ሰዉ ቀዘቀዘ ብሎ የሚያማው ምርጫ ይህ ነው። እኔ ብዙ የሞቀ ነገር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ለሁሉም አገር ይስጠው አልኩ።

የምርጫው ቀን ከጎረቤቷ ጋር ሄደች። የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ የነበረው ጌታውን የሚጠብቅ ውሻ ብቻ ነው አለችኝ። ምልክት የምታደርግበት እርሳስ በክር ታስሯል። ምልክቷ ወረቀቱ ላይ ካለችው ትንሽ ሣጥን አልወጣም።

«ታዲያ ለማን ሰጠሽ?»

«አልነግርሽም።»

«አማካሪሽ እኔ ሆኜ?»

«የተማከርነው እምቢውን ነው። እሺውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለች፣ ኮራ ብላ።

ወጣቱ አሸነፈ። እህቴ ውጤቱ በታወቀበት ቀን ደወለች፤ ያዘነች መስሎኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነሳሁ።

«እትዬ፣ እኔ እምቢ ብለው ሰፈሩ ሰጠው» አለች።

«ከፋሽ እንዴ?»

«ለምን ይከፋኛል? እንግዲህ ወደድኩም ጠላሁም አማቼ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮው ሆኖ ሰው ያነጋግራል አሉኝ። ስለ አውቶቡሱ ልሄድበት ነው። አሁን መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።»

«እሱስ በተራው ልማከርበት፣ ተመለሺ ቢልሽ?»

«እመለሳለኋ!» አለች። «እኔ እንደሱ አንዴ መጥቼ የምቀር መሰለሽ?»