ከአስተያየት ሣጥን የወጣው ጧፍ

ዛሬ የጤና ጣቢያችንን የአስተያየት ሣጥን ስንከፍት አንድም ወረቀት አላገኘንም። ያገኘነው አንድ ጧፍ ነው።

ሣጥኑ በር ላይ የተሰቀለው አዲሱ የመልካም አስተዳደር መመሪያ ሲመጣ ነው። የምንከፍተው በኮሚቴ ነው፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል። ቅጹ "ቅሬታ" እና "ምስጋና" የሚል ቦታ አለው፤ ለጧፍ የሚሆን ቦታ ግን የለውም።

"ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያለው የስለት ሣጥን የመሰለው ሰው ነው" ተባባልንና ሳቅን። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ አዋላጇ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ እማማ አስካለ ከጓሳ ግድም የልጅ ልጃቸውን ለማስከተብ መጡ። በቅርቡ ልጃቸውን ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ገና ሰላም ሳንባባል፣ "ጧፌን አገኛችሁት ወይ?" አሉኝ።

"የእርስዎ ነው እንዴ? እማማ፣ ይሄኮ የስለት ሣጥን አይደለም" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

"እሱንማ አውቃለሁ ልጄ። ስለቴን ለማርያም አስገብቻለሁ" አሉኝ። "ሐሳብ ያለው ሰው እዚህ ያስገባ ብላችሁን የለ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን ስታዋልጃት መብራት ጠፍቶብሽ፣ ስልክሽን በጥርስሽ ነክሰሽ በሱ ብርሃን ስትሠሪ አይቼ አንጀቴን በላሽው።"

ቅጹ ላይ "ቅሬታ" ብዬ ልመዝግበው ወይስ "ምስጋና"፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ጧፉን ግን ማዋለጃ ክፍል፣ ከጓንቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከክብሪት ጋር።

እናንተስ፣ ሳይጻፍ የደረሳችሁ አስተያየት አለ?