ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ልጣል አልጣል እያለ ሲያስፈራራን በነበረበት ሰሞን ከሥራ ወጣሁ። ወጣሁ ልበል ወይስ ተባረርኩ ልበል፣ ለወራት ያጨቃጨቀን ይኸው ነበር። ጉዳዩ ካለቀ ቆይቷል። እኔ ግን ዛሬም ስልክ ላይ “አዎ” ማለት ሲኖርብኝ መጀመሪያ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

ሥራዬ ከቶሮንቶ ወዲያ ጥግ፣ ኢቶቢኮ፣ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነበር። ከምኖርበት ከቶርንክሊፍ ተነስቼ አውቶቡስና ባቡር ስቀያይር ገና ሥራ ሳልጀምር ይደክመኛል። እወደው ነበር አልልም፤ ለምጄው ነበር እንጂ።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘራችን ወደምሠራበት መጣ። ማሽኑ ይጮኻል፣ እሱም እንደ ሁላችን ጆሮውን በድምፅ መከላከያ ደፍኗል። ክፍላችን ሊዘጋ መሆኑን፣ ሥራው ወደ ሌላ ዌርሃውስ እንደሚዛወር ነገረኝና አብሬ እሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ፊቴን አየት አደረገኝ፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ታብሌቱን ነካ ነካ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

እንደውላለን ብለው አሰናበቱን። ለሌሎቹ ተደወለ፣ ለእኔ ዝም። በመጨረሻ ራሴ ብደውል፣ “አንቺማ በፈቃድሽ ለቀሻል ተብሎ ነው የተመዘገበው” አሉኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ በፈቃዴ የምለቅ? በዚያ ብርድ አንድ ቀን ቀርቼ የማላውቀው ሴትዮ?

ኢአይ አመለከትኩ፤ ሥራ ያጣ ሰው ሌላ እስኪያገኝ የሚከፈለው ማለት ነው። ችግሩ፣ በፈቃዱ ለለቀቀ አይሰጥም። አሠሪዎቹ ለቀቀች ስላሉ አንድ ኦፊሰር ደውሎ እንደሚጠይቀኝ ተነገረኝ። ልጄ ሜሮን እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች ናት፤ አገሩን ታውቀዋለች። “ማሚ ፕሊስ፣ ሎንግ ስቶሪ እንዳትነግሪያቸው” አለችኝ። “ጀስት የስ ኦር ኖ በይ።” እውነቷን ነው፤ እኔ ወሬ ስጀምር ከአዳምና ከሔዋን ነው።

ኦፊሰሩ ሲደውል እንደተመከርኩት አደረግሁ። ወደ ሌላው ዌርሃውስ ትሄጂ እንደሆነ ተጠይቀሻል? አዎ። እሄዳለሁ ብለሽዋል? አዎ። በየመሃሉ “ሄሎ? አለሽ?” ይለኛል። አለሁ እለዋለሁ። መስመሩ አስቸጋሪ ነው ብዬ አለፍኩት።

አይገባሽም የሚል መልስ መጣ። እንደገና ይታይልኝ አልኩ። አሁን ደግሞ አንዲት ሴት ደወለች፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው “ሄሎ?”። እሷም አይገባሽም አለች። የቀረኝ ይግባኝ ብቻ ሆነ።

የይግባኙ ቀን እስኪደርስ ያለው ጊዜ አይወራም። ለጥያቄ ስደውል ጆሮዬ ላይ የሚለቁብኝን ሙዚቃ ዕቃ ሳጥብ ሳይታወቀኝ አንጎራጉረው ጀመር። ኪራዩን ሜሮን ከትምህርቷ ጎን በምትሠራው ፓርት ታይም መሸፈን ያዘች። የምትወስዳቸውን ኮርሶች ቀንሳ ሺፍት ጨመረች። አንድ ቀን ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት አየሁና በጣም አፈርኩ። ይግባኙ ካልተሳካ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ትተወዋለች፤ አልነገረችኝም፣ ግን ገብቶኛል።

ያን ሱፐርቫይዘር መርገም የጀመርኩት ያኔ ነው። ጠዋት ስነሳ እረግመዋለሁ፣ ማታ ስተኛ እረግመዋለሁ። ምን በድዬው ነው የዋሸብኝ? አላጋንንም፣ ከአልጋዬ ያስነሳኝ የነበረው ንዴቱ ነው።

ይግባኙ የተሰማው በስልክ ነው። ሜሮን አጠገቤ ተቀምጣ ስፒከሩን ከፈተችው። መስመሩ ላይ ይግባኝ ሰሚዋ ሴትዮና አንድ አስተርጓሚ አሉ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ አማርኛ ይናገራል። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ በድንጋጤ አልያዝኩትም።

“ሱፐርቫይዘሩ ወደ ሌላው ቦታ ይሄዱ እንደሆነ ጠይቆዎት ነበር?” ብሎ የሴትዮዋን ጥያቄ በአማርኛ አቀረበልኝ።

መለስኩ። እሱም “የስ” ብሎ አስተላለፈ።

ሴትዮዋ ቆየት ብላ፣ “ይቅርታ፣ እሷ ምንም ስትል አልሰማሁም። አንተ ነህ የመለስክላት?” አለችው።  ጭራሽ ልንከሰስ ነው ብዬ ሜሮንን እጇን ያዝኳት።

ሰውዬው አልተደናገጠም። “እሳቸው ናቸው የመለሱት” አላት። “ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። እኛ ዘንድ እሱ አዎ ማለት ነው። እኔ የተባለውን ነው የተረጎምኩት።”

ሜሮን ግንባሯን መታች። “ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! አጌን?” ከልጅነቷ ጀምሮ “ጓደኞቼ ፊት እንደሱ አታድርጊ፣ የደነገጥሽ ይመስላቸዋል” ትለኝ ነበር። እኔ ማድረጌን እንኳ አላውቀውም። የገዛ ትንፋሹን ማን ያዳምጣል?

ሴትዮዋ ፋይሉን ስታገላብጥ ተሰማን። የመጀመሪያው ኦፊሰር “ስትጠየቅ ደነገጠች፣ መልስ አልሰጠችም” ብሎ ጽፎ ኖሯል። ሁለተኛዋም ከዚያ የተሻለ አልጻፈችም። የስ ኦር ኖ በይ በተባልኩት መሠረት የስ ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም።

እስቲ ትድገመው አለች። ትንፋሼ እምቢ አለኝ። አንዴ ስቅታ የያዘኝ፣ አንዴ የታፈንኩ መሰልኩ። ሜሮን ሳቋ እንዳይሰማ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀበረች። ሴትዮዋ በመጨረሻ ተወችውና፣ “ደክመዋል መሰለኝ፣ ትንሽ ይረፉ?” ብላ በአስተርጓሚው አስጠየቀችኝ። ትንፋሼ ራሱ ወደ ውስጥ ገባ።

“ይኸው” አለ አስተርጓሚው።

ከዚያ ሴትዮዋ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ። “ለሱፐርቫይዘርሽም የመለስሽው እንደዚህ ነበር?”

የዚያን ጊዜ ነው የእውነት ዝም ያልኩት። የማሽኑ ጩኸት መጣብኝ። ደፍኖት የነበረው ጆሮው፣ ፊቴን አየት አድርጎኝ ትንሽ መቆሙ። ለካ መልሴን እየጠበቀ ነበር።

“የስ” አልኩ፣ አስተርጓሚውን ሳልጠብቅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ተፈረደልኝ። ያለፉት ወራት ውዝፍ ሁሉ ተከፈለኝ፤ ሜሮንም ሴሚስተሯን አልተወችም። አስተርጓሚውን ላመሰግነው ነበር፤ ግን ነገሩ ሲያበቃ መስመሩ ወዲያው ተዘጋና “እግዜር ይስጥልኝ” ያልኩት ለባዶ ስልክ ነው። የትም ይሁን የት እጁ አይንጠፍ። አንድ ትንፋሼን እንኳ አልጣለብኝም።

ደስ ብሎኛል፣ እንዴት ደስ አይለኝም። ግን ስንቱ ዶክተር፣ ስንቱ አሠሪ ጠይቆኝ አዎ ብዬው መልስ አልሰጠችም ብሎ እንዳለፈኝ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ከሁሉ የባሰው ሱፐርቫይዘሩ ነው። ሰውዬው ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ መልስ ሲያጣ ሄደ። ያን ሁሉ ወራት ያቆመኝ እሱን መርገሜ ነበር። አሁን ማንን ልርገም?

አዲስ ሥራ ይዣለሁ፤ እሱም ዌርሃውስ ነው፣ እሱም ሩቅ ነው። በቀደም ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሜሮን፣ “ማሚ፣ ያ ሱፐርቫይዘርሽ ላይ ስቲል ማድ ነሽ?” አለችኝ።

ተነፈስኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። “የስ ማለትሽ ነው?”

“አይደለም” አልኳት። “ይሄኛው ወደ ውጪ ነው። ድካም ነው።”