ሳቅ የሚመረምሩት አጎቴ

አጎቴ ከኩታበር ኮምቦልቻ ወዳለው ቤታችን በመጡ ቁጥር አስም ያለባትን ልጄን ፋጤን መጀመሪያ ያስቋት ነበር። «ሳቋ ሳል ካመጣ ደረቷ ገና ነው» ይሉ ነበር።

ራሴን በንባብ አስተማርኩ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ሆኖም ደሴ ያለችው ሐኪም በየቀኑ በአፏ እንድትምገው ያዘዘችላትን ፓፍ፣ ልጅቷ የዳነች ሲመስለኝ፣ «ሱስ ይሆንባታል» ብዬ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። አጎቴ መጥተው ሲያስቋት ሳሉ አላቆም አላት።

«መድኃኒቷስ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እስቲ መነጽርህን አውልቅና መጽሐፍህን አንብብልኝ።»

«ያለ መነጽር እንዴት አድርጌ?»

«ወላሂ፣ ሱስ ይዞሃል!»

ፋጤ እየሳለች ሳቀች፤ እኔም ቁልፉን አመጣሁ። ሐኪሟም ኋላ፣ ደህና ስትሆንም ፓፉን እንዳናቋርጥ ነገረችን። አባት ያላወቀውን ይጠይቅ፤ ኩራት ለልጅ ትንፋሽ አይሆንም።

ዘንድሮ አጎቴ የሉም። ጠዋት ፋጤ ፓፏን ምጋ፣ አፏን ተጉመጥምጣ፣ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረውን መደብ ታያለች። ቀልድ የማላውቀው እኔ እዚያው ተቀምጬ እንደምንም አንድ እናገራለሁ።

«አባ፣ አትችልበትም!» ብላ በእኔው ትንከተከታለች።

አጎቴ፣ አላህ ማረፊያዎን ያስፋልዎ፤ ሳል የለም።