መቶ ዓመት የቆየ ለቅሶ

የምንከባከባቸው አርመናዊት አሮጊት ግሌንዴል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሳሎናቸው ውስጥ የአንዲት ሴት ፎቶ አለ። ሁልጊዜ እወለውለዋለሁ፤ ማን ናት ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ሰው መጠየቅ ያሳፍረኛል።

አንድ የሚያዝያ ጠዋት ስገባ ጥቁር ለብሰው፣ ፎቶው ፊት ሻማ አብርተው፣ ዓይናቸው አብጦ አገኘኋቸው። ማን እንደሞተባቸው መጠየቅ አሁንም ፈራሁ። ዝም ማለትም ነውር ሆነብኝ። ኩሽና ገብቼ፣ እኔ በምኖርበት በአቅራቢያው ኦሮራ ከተማ ላለችው ጎረቤቴ ደወልኩ።

"አሮጊቷ ሰው ሞቶባቸዋል። ዘመድ የላቸውም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እንመጣለን!"

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴና ሁለት ሴቶች ነጠላ ዘቅዝቀው፣ እንጀራና ምስር ወጥ ይዘው መጡ። ጎረቤቴ ገና ከበሩ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አሮጊቷ ደንግጠው ተነሱ።

"ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ጥቁር ለብሰው ሳይ..." አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

አሮጊቷ ፎቶውን አነሱ። "እናቴ ናት። ያለቁትን አርመኖች የምናስብበት ቀን ዛሬ ነው። በኦቶማን ቱርኮች ጊዜ የመንደሯን ወንዶች አውጥተው ገደሏቸው። ሴቶቹንና ልጆቹን ያለ ውሃ በረሃ ለበረሃ ነዷቸው። ከቤተሰቧ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት።"

"መቼ?" አለች ጎረቤቴ ስተረጉምላቸው።

"መቶ ዓመት አልፎታል።"

ጎረቤቴ በአማርኛ፣ "አንቺ ልጅ! ለመቶ ዓመት ለቅሶ ነው የሥራ ሽፍቴን ካንስል ያስደረግሽኝ?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ከድንጋጤዬ አብሬ ሳቅሁ። አሮጊቷ አማርኛ አይሰሙም፤ ሳቁን ግን ሰሙት። ፎቶውን ወደ ደረታቸው አዙረው አቀፉት።

ያን ጊዜ ነው መጠየቅ የቻልኩት።

"እናትዎ ቤተሰባቸውን ሲያጡ ማን ለቅሶ ደረሳቸው?"

"ማን ይመጣል? ሊመጡ የሚችሉት ሁሉ አልቀው።"

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። ጎረቤቴ ፊቷ ተለወጠ። "እንግዲያ አልተለቀሰማ" አለችና ሄዳ አሮጊቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ከአጠገባቸው ተቀመጠች። "የእናታቸውን ወንድሞች ስም ጠይቂልኝ።"

አሮጊቷ ስሞቹን አንድ በአንድ ነገሩን። ጎረቤቴ እያበላሸች ደገመቻቸው፣ እሳቸውም አረሟት፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ምስሩን አሙቄ አቀረብኩ። አሮጊቷ ጥቂት ቀመሱና ፎቶውን ወደ እኛ አዙረው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት።

እኔ ግን ሳቄ አሳፍሮኝ እስክንወጣ ድረስ ፎቶውን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።