ልጆቹ ያልተናገሩበት ምረቃ

መምህር ገብረአብ አርፈዋል። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ከሆስፒታል ተደወለልኝ፤ በሆስፒታሉ ፎርሙላር፣ በቅጹ ላይ፣ የቅርብ ሰው ብለው ያስመዘገቡት እኔን ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ከረን ላሉት እህታቸው መርዶውን የነገርኩት እኔው ነኝ። መርዶ በስልክ መንገር ነውር መሆኑን ባውቅም ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡት፣ ኤርፖርት አብረዋቸው ለሠራችሁት፣ ይርጋለም ላላችሁትም። እንድጽፍ ያስነሳኝ ግን ሐዘን ብቻ አይደለም። የፍራንክፈርት የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ያወጣውን የሐዘን መግለጫም አንብቤያለሁ። «የኦንላይን የትምህርት ቤቶች ልውውጥ ፕሮጀክታችን ባለውለታ» ይላቸዋል። ከሥሩ አንድ ፎቶ አለ፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ፈለቀ መቀስ ይዘው ሪባን ሲቆርጡ። የሟቹ ፎቶ የለም። ለምን እንደሌለ ስለማውቅ ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም።

መምህር ገብረአብ ኤርትራዊ ነበሩ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተምረው እዚያው ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ፍራንክፈርት ከመጡ ወዲህ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑ ኖሩ። ጡረታ በወጡ ማግስት «እንግዲህ ወደ ሥራዬ ልመለስ» አሉና ፕሮይንገስሃይም ሰፈር ካለው የቤተ ክርስቲያን ጌማይንደ አዳራሽ አንዲት ጠባብ ክፍል ለምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆቻችን አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። ያኔም በሙሉ ልብስና በከረባት ነበር የሚመጡት። ለስድስት ልጅ!

ልጄን ሊያን ይዤላቸው የሄድኩት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ስሟን በአማርኛ ጠየቋት፤ በጀርመንኛ መለሰች። ዕድሜዋን ጠየቋት፤ አሁንም በጀርመንኛ። እኔ አፍሬ «አማርኛው ጠፍቶባታል መምህር» ስላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ «አማርኛው አልጠፋባትም፤ የምታወራው እኩያ ነው የጠፋባት» አሉኝ። ከእናቷ ጋር የምታወራው ብይ፣ ተኚ፣ ልበሺ ብቻ ከሆነ ቋንቋው ምን ያደርግላታል? ይህን ሲሉኝ ለካ ሐሳቡ ከዚያ በፊት በልባቸው ነበር።

የድሮ ባልደረባቸው ልጅ የሆነው መምህር ታደሰ ይርጋለም ያስተምራል። እርሱን በስልክ አግኝተው የእርሱ ተማሪዎችና የእኛዎቹ በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲያወሩ ተስማሙ። ሊያ የምትማርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርትም የኮምፒውተሩን ክፍል ቅዳሜ ሊሰጡን ፈቀዱ፤ ጀርመናውያን የክፍል ጓደኞቿም ገቡበት። የእኛ ልጆች አስተርጓሚ ሊሆኑ ነው። እቤት ውስጥ የሚያፍሩበት ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊያኮራቸው ነው።

እንዴት እንዳዘጋጇቸው ማየት ነበረባችሁ። ልጁን ከጠፋ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡታል፤ እርሳቸው ከስክሪኑ ጀርባ ወንበር ስበው ይቀመጡና የይርጋለም ልጅ ሆነው ይመልሳሉ። «ቤትህ ስንት መስኮት አለው?» ይላል ልጁ። «ሁለት። አንዱ አይዘጋም» ይላሉ ከጀርባ፣ በቀጭን ድምፅ። ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቁም ነበር። አንዲት እናት ለይርጋለም ልጆች እርሳስና ደብተር ሰብስባ ስታመጣ በአክብሮት መለሱላት። «ስጦታ ከቀደመ ጨዋታ የለም። መጀመሪያ ይተዋወቁ፤ አንዱ ሰጪ አንዱ ተቀባይ ሆኖ ከተገናኘ ዕድሜ ልኩን ቀና ብሎ አያየውም» አሏት።

ደግነታቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለነርሲንግ ሙያ ፈተና፣ ለፕሪውፉንጉ፣ ስዘጋጅ ጉትሎይት ሰፈር ያለው የአረጋውያን ቤት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። በየፓውዘዬ፣ በየዕረፍቴ፣ ይደውሉልኝና የአጥንቶችን የጀርመንኛ ስም ይጠይቁኛል። እርሳቸው ራሳቸው አያውቋቸውም፤ ከቤተ መጻሕፍት ተውሰው ማታ አጥንተው ነው። ስሳሳት «ተራራና ወንዝ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ በይ እንደገና» ይሉኛል። ያለፍኩ ዕለት ከእኔ በላይ የተደሰቱት እርሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ምረቃው ልምጣ።

ወሬው ማኅበሩ ጋ ደረሰ። አቶ ፈለቀ አንድ ቅዳሜ መጥተው ከበሩ ላይ ቆመው «እንዲህ ያለ ትልቅ ነገርማ ያለ ምረቃ አይጀመርም» አሉ። መምህር ገብረአብ ልጆች እንዲያወሩ ምረቃ እንደማያስፈልግ ሊያስረዱ ሞከሩ። ማን ሰምቷቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከጠባቧ ክፍላችን ወጥተን ቬስትኤንድ ሰፈር አንድ የተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ተገኘን። ባነር ተሰቅሏል፣ የክብር እንግዳ ተጠርቷል፣ የፊት ወንበሮች ላይ «የተያዘ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን ዙሪያውን አስረውበታል። ልጆቹ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ አልደረሳቸውም፤ ከኋላ ግድግዳው ሥር ቆሙ።

መምህር ታደሰ አስቀድሞ ነግሮናል። ይርጋለም መብራት በፈረቃ ነው፤ ያለን ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ለአቶ ፈለቀ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «አይዞሽ፣ ይበቃል» አሉኝ።

መስመሩ ተገናኘ። የይርጋለም ልጆች በሪባኑ መሐል ታዩ፤ ዩኒፎርማቸው ታጥቦ ተተኩሶ፣ ፀጉራቸው ተቀብቶ፣ በሰልፍ ቆመው። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። አቶ ፈለቀ የማኅበሩን ታሪክ ከምሥረታው አንሥተው ተናገሩ። የክብር እንግዳው ስለ ቴክኖሎጂና ስለ አገር ገጽታ ተናገሩ። የማኅበሩ ጸሐፊ የክብር እንግዳውን አመሰገኑ፤ የክብር እንግዳው ስለተመሰገኑ ምስጋናቸውን አቀረቡ። እያንዳንዱ ንግግር ለጀርመኖቹ ተተረጎመ። ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

መምህር ገብረአብ ከጥግ ተነሡ። «አቶ ፈለቀ፣ ልጆቹ ቆመዋል» አሉ፣ በዝግታ። «መምህር፣ ፕሮግራም አለን» ተባሉ፤ ተቀመጡ። ሊያ ጥያቄዋን የጻፈችበትን ወረቀት ይዛ እጄን ሳበችና «ማማ፣ ቫን ቢን ኢሽ ድራን?» አለችኝ። ተራዬ መቼ ነው ማለቷ ነው። «ቆይ» አልኳት። መተርጎሜን ቀጠልኩ።

ሪባኑ ተቆረጠ። ጭብጨባ ሆነ፣ ፎቶ ተነሡ። ለፎቶው እንዲያመች ስክሪኑን ወደ ጎን ሲያዞሩት እነዚያ ልጆች ግድግዳ እያዩ ቆሙ። ወደ ቦታው ሲመልሱት ጨልሟል። የይርጋለም መብራት ሄዷል። የሚያጨበጭበው ሰው ግን ገና አላቆመም ነበር። አቶ ፈለቀ ማይክራፎኑን አንሥተው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት የልጆቹን ክፍል ለሌላ ጊዜ እናስተላልፋለን፤ ምግብ ተዘጋጅቷል» አሉ። ሰዉም ተነሥቶ ተሰለፈ። እስከ ዛሬ ያ ቀን ሲታወሰኝ በጆሮዬ የሚመጣው የሳህን ድምፅ ነው። ልጆችን አስጠርቶ፣ አቁሞ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ አሰናብቶ፣ ከዚያ ጥብስ መብላት! ከሁሉ የሚያስጠላኝ ግን የራሴ ነገር ነው። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነበር። በሁለት ቋንቋ «ይብቃ፣ ልጆቹ ይናገሩ» ማለት እችል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለዓይን አውጣ ስንቱን በር ከፍቶለታል።

ወጥ ቤት በኩል ሳልፍ አንዱ የኮሚቴ አባል «ደግሞስ የእኛን ልጆች አማርኛ ኤርትራዊ ያስተምርልን?» ሲል ሰማሁ። መምህር ገብረአብ ከኋላዬ ነበሩ፤ ሰምተዋል። «ልጄ፣ እኔ አማርኛ ስማር መምህሬ ፓስፖርት አልጠየቀኝም» አሉትና ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ፤ ያን ዕለት ባለቤቱም አጥሩም ተነቀነቁ።

በማግስቱ ይርጋለም ደውለው መምህር ታደሰን ይቅርታ ጠየቁ። ያላጠፉትን። በቀጣዩ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ልጆቹን ሰበሰቡ። ባነር የለም፣ እንግዳ የለም። መስመሩ ሲገናኝ ወላጆቹን ሁሉ «ደጅ እንቁም» ብለው አስወጡን፤ እርሳቸውም አብረውን ወጡ። ኮሪደር ላይ ቆመን በበሩ በኩል ሊያ በተሰባበረ አማርኛ «የአንቺ መምህር ይቆጣል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ምህረት የምትባል ልጅ «በጣም! አሁን ራሱ እያየኝ ነው» ብላ መለሰች። ሁለቱም ሳቁ። መምህር ገብረአብ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። እስኪታመሙ ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜው እንዲሁ ቀጠለ። ማኅበሩ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ የሪባኑን ፎቶ እያወጣ ሥራውን የራሱ ሲያደርግ እርሳቸው አንድም ቀን መልስ አልሰጡም። እኔ ስንጨረጨር «ተይው፤ ፎቶ አያወራም» ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ የመስመሩን ፓስዎርት፣ የይለፍ ቃሉን፣ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። «ለልጆቹ ስጪ፤ ለመድረክ እንዳትሰጪ» አሉኝ።

አርብ ዕለት ቀበርናቸው። አቶ ፈለቀ በመቃብሩ አፋፍ ላይ ረጅም ንግግር አደረጉ። አፈሩ ገና ሳይደርቅ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝና «አልማዝ እህቴ፣ በእርሳቸው ስም እንደገና እናስመርቀዋለን፤ ለይርጋለም ልጆች ጫማ ሰብስበን በቀጥታ በስክሪን እናስረክባለን። ፓስዎርቱንና የልጆቹን ዝርዝር ነገ ላኪልኝ» አሉኝ። በሐዘን ልብሳቸው፣ ነጠላ ዘቅዝቀው።

መምህር፣ እርስዎ ያን ቀን ከአዳራሹ ሲወጡ ተከትዬ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩዎትም። በአራት ዓመት ውስጥም አልጠየቅኩዎትም፤ እርስዎም አንድ ቀን አላነሡብኝም። አሁን ይቅር ይበሉኝ። ለአቶ ፈለቀ ግን እዚያው መቃብርዎ አጠገብ፣ ሰው እየሰማ፣ «አይሆንም» ብያቸዋለሁ። ፓስዎርቱን ለሊያና ለምህረት ሰጥቻለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ካሁን ወዲያ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እነርሱ ናቸው። ትናንት ቅዳሜ ነበር፤ ከፍተውት ስለ እርስዎ ሲያወሩ ዋሉ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ደጅ ነበርኩ። ደህና ይረፉ፣ መምህሬ።