የካሺናት ምላስና የመንደሩ ሁሉ ጣት

እስቲ ይህን ምላስ ተመልከቱ! ጫፉ ላይ የምስር ክክ የምታክል ነጭ ቁስል አለች። ምላሱ የፖስተኛችን የካሺናት ነው። ቁስሏ ከወጣች አሥራ ሰባት ቀኗ፤ መንደራችን ግን ከማየት ይልቅ መድኃኒት ማዘዝ ይቀናዋል።

ነገሩን ያከበደው ካባዲ የምንለው ጨዋታ ነው። በየዓመቱ በቤተ መቅደሱ በዓል ከወንዝ ማዶ ሰዎች ጋር እንጋጠማለን። ወራሪው መስመሩን ተሻግሮ፣ በአንድ ትንፋሽ «ካባዲ፣ ካባዲ» እያለ፣ ሰው ነክቶ መመለስ አለበት። ካሺናት ሃያ ዓመት ሙሉ ወራሪያችን ነው። ዘንድሮ ካቃተው ቦታውን የሚወስደው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ጋንፓት ነው። ከዚያ ወዲያ በየማዕዱ የጋንፓትን ጉራ መስማት ነው። ካሺናት «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል» ብሏል።

«ሙቀት ነው! ሆድህ ውስጥ እሳት አለ» አለችው ጎረቤቱ አክስት ታራ፣ አፉን እንኳ ሳታይ። በርበሬ ከለከለችው። ሌላው ማንጎ ከለከለው፤ ሌላው እንቁላል። ሰውየው በሩዝና በእርጎ ብቻ ከስቶ ቀረ። የጃስሚን ቅጠል አኘከ፤ በዘይቱን ቅጠል ውሃ ተጉመጠመጠ። እናቱ ደግሞ እምብርቱን ንጥር ቅቤ ቀባችው።

«እማዬ፣ ቁስሉ እኮ አፌ ውስጥ ነው!»

«ዝም በል! እምብርት የማይደርስበት የለም።»

የግጥሚያው ቀን፣ ተራው ሲደርስ፣ አክስት ታራ ሜዳው ድረስ ዘልቃ በማር የተለወሰ እርድ አፉ ውስጥ ሞጀረችበት።

«እንዳትውጠው! እንዳትተፋውም!»

«አክስቴ፣ ልገባ እኮ ነው!»

«ግባ፤ ማን ያዘህ?»

ጋንፓት ከዳር ሆኖ ቁምጣውን ያጠብቃል። «ጋሼ፣ ከከበደህ እኔ አለሁ!»

ካሺናት ገባ። «ካባዲ» ባለ ቁጥር ቢጫ ካፊያ ይረጫል። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ምራቅ ያረክሳል፤ ከሱ የእባብ መርዝ ይሻላል! ማዶዎቹ እሱን መያዙን ትተው ወደ ኋላ ሸሹ። «ኧረ ካናቴራዬን!» እያለ አንዱ ከመስመር ወጣ፤ ሁለቱ ተከተሉት። ከሜዳው መስመር የወጣ ተሸናፊ ነው፤ ለእኛ አንድ ነጥብ ነው። በሦስት ነጥብ አሸነፍን።

«እርዴ ነው ያሸነፈው!» አለች አክስት ታራ።

«አፍሽን ዝጊ፣ ቅቤዬ ነው!» አለች እናቱ።

ካሺናት በተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ «ኧረ ያማል!» ይላል።

«ይለቅሃል!» አሉት፣ አሁንም ሳያዩት።

ደሜ ፈላ። የጤና ጣቢያችን ሐኪም እዚያው ተመልካች መሃል ቁጭ ብላ ለውዝ ትፈለፍላለች፤ ከመንደሩ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃትም! ካሺናትን ጎትቼ ወሰድኩላት። አፉን አስከፈተችው፣ አየች። ጥርሱ ተሸርፎ ኖሯል፤ ሹል ጠርዙ ነው ባወራ ቁጥር ምላሱን የሚፍቀው። በማግስቱ ጥርሱ ተሞረደ፤ በሳምንቱ ቁስሏ ጠፋች።

እርድና ማር አልጠላም፤ እኔም እቀባለሁ። የምጠላው ያላዩትን ማከም ነው። አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ካለ፣ እባክህ የማሩን ማሰሮ ክደንና ሰውየውን ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ዛሬውኑ!