ዳኛ የሚፈታው ቋጠሮ

የአምቡላንስ ሥራ ፈቃድ ስወስድ መጀመሪያ የተማርኩት ሰው ማዳን አይደለም፤ መቆም ነው። ቢላዋ ያለበት ጥሪ ከመጣ ፖሊስ ቀድሞ ይገባል፤ እኛ ጥግ ይዘን እንጠብቃለን፤ «ግቡ» ስንባል እንገባለን። የመንግሥት ደንብ ነው፤ የጣሰ ፈቃዱን ይነጠቃል። አስተማሪያችን የሞተ አዳኝ ማንንም አያድንም ይል ነበር። እኔም ፈተናው ላይ ይህንኑ ጽፌ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼ አለፍኩ።

ችግሩ ጠባዬ ነው፤ መቆም አልወድም። እናቴ «አንቺን በቃጠሎ መሃል ነው እንዴ የወለድኩሽ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲያመጡን ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አሽዶድ አድጌ፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አምቡላንስ ላይ መሥራት ስጀምር በጣቢያችን ከኛ ሰዎች፣ ከቤተ እስራኤል፣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያ ቀን ዓርብ ነው፣ ረፋድ ላይ። ሮቫ ዩድ ከሚባለው ሰፈር አንድ ልባቸውን የታመሙ ሽማግሌ ወስደን፣ አድርሰን ስንመለስ ጥሪው መጣ፦ ሮቫ ዳሌት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባል ሚስቱን በቢላዋ ወግቷል። ሕንፃውን አውቀዋለሁ። ባልና ሚስቱንም በዓይን አውቃቸዋለሁ፤ የኛው ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሁለቴ አስታርቀዋቸዋል፤ ሁለቴም «ቻይው» ተብላ ወደዚያው ቤት ተመልሳለች። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነጂው ከሕንፃው ማዶ፣ አትክልት መሸጫው ጥግ አቆመ። ጡረታ የደረሰ፣ ከአፉ የሱፍ ፍሬ የማይጠፋ ሰው ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ፖሊስ እስኪመጣ ንቅንቅ እንደማንል ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሰዎች ግን አምቡላንሱን አይተው እየሮጡ መጡ። መጀመሪያ መስኮቱን አንኳኩ፤ ቀጥለው በመዳፍ ደበደቡት፤ ከዚያ ድንጋይ ተወረወረና የፊት መስተዋቱ ተሰነጣጠቀ። አንዲት ሴት የኛ ልጅ ሆነሽ ተቀምጠሽ ታያለሽ ብላ መስተዋቱ ላይ ተፋችብኝ። ባልየው በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ብቅ አለና ደረጃውን የወጣ ሁሉ እንደ በግ ይታረዳል ብሎ ጮኸ። ነጭ ካናቴራው እስከ ሆዱ ቀልቷል።

የሚስቲቱ ወንድም ከሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከነሥራ ልብሱ ደረሰ። በሩን በርግዶ፣ ጸጉሬን ይዞ አስፋልቱ ላይ ጣለኝ።

«እህቴ እየሞተች እናንተ ሞተር ታሞቃላችሁ?» አለና አፌን በቡጢ መታኝ።

አንድ ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ። ነጂው የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ወረደና ወንድምየውን ጀርባው ላይ ደለቀው። ወንድምየው ተንበረከከ፤ ጎረቤቶች ደግሞ ነጂውን ከበው ግድግዳ ላይ አጣበቁት። ፖሊስ አሁንም የለም። ሴትዮዋ ላይ ቤት ደሟ ይፈሳል፤ እኛ ታች እንደባደባለን። የተናደድኩት ስለመታኝ አልነበረም፤ ልክ ስለሆነ ነው።

በዚህ መሃል ከምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ወጡ። ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ነጠላ ከትከሻቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። ክንዴን ይዘው አስነሱኝ፤ አፌን በነጠላቸው ጠረጉና ለምን እንደማልገባ ጠየቁኝ።

«ሕግ ነው እማማ። ሚሽታራው ሳይመጣ አይፈቀድልኝም» አልኳቸው። ፖሊስን በአፋችን የምንጠራው እንዲያ ነው።

«ሕግማ እኔም አለኝ» አሉና ወደ ደረጃው ሄዱ።

ብቻቸውን ሲወጡ ቆሜ ማየት አልሆነልኝም። ቦርሳዬን ነጥቄ ተከተልኳቸው። ነጂው ከኋላዬ ፈቃድሽን ይቀሙሻል፣ ተመለሺ እያለ በዕብራይስጥ ይጮሃል። ደረጃው ላይ በደም የታተመ የባዶ እግር ኮቴ ነበር። እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወርዷል፤ ከዚያ ወደ ላይ የመጎተት ምልክት ብቻ ነው። ልታመልጥ ሞክራ መልሷታል ማለት ነው።

ባልየው ቢላዋውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። አሮጊቷ ከሁለት ደረጃ በታች ቆሙ።

«በሕግ አምላክ። ቁም» አሉት፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ።

በአባቶቻችን አገር በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ። ከሳሽ የነጠላውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ይቋጥራል። እንደተቆራኙ አብረው በልተው፣ አብረው አድረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ብቻ ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ሰውየው ግን ቆመ። እንደተቆጡት ልጅ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እሳቸው ወጥተው የነጠላቸውን አንድ ጫፍ በቀበቶው፣ ሌላውን በራሳቸው አንጓ ላይ ቋጠሩ። ቢላዋውን አልጠየቁትም፤ እሱም አልሰጠም፤ ክንዱ ብቻ ዝቅ አለ። እኔ በዚያ ክንድ ጎን ሾልኬ ገባሁ። የእድሜዬ ረጅሙ መንገድ እሱ ነው።

ሚስቲቱ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። ውሃው ሲቆም አላየሁም፤ ደም ግን በሕግ አምላክ አይቆምም፣ በእጅ ነው የሚቆመው። እጆቿ ስትከላከል ተተልትለዋል። ክፉው ቁስል ግን ብሽሽቷ ላይ ነበር፤ ደሙ እየተፈናጠረ የፍሪጁን በር አቅልሞታል። መርፌ መውጋት ለኔ ዓይነቱ ሠራተኛ አይፈቀድም፤ የኔ ፈቃድ መጫን ነው። ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ተንበርክኬ፣ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩ። ዓይኗን ገልጣ ልትገፋኝ ታገለች፤ እሱ መስያት ነው። «እኔ ነኝ፣ እህትሽ ነኝ» አልኳት፤ ከአፌ የሚንጠባጠበው ደም ፊቷ ላይ ይወርዳል።

ያኔ አንድ ሰው ደረጃውን እየዘለለ ሲወጣ ሰማሁ። ወንድምየው ነው። አሮጊቷ እኔ ሳልሞት አትነካውም፣ ለዳኛ ነው የያዝኩት አሉ። ወዲያው የቡጢ ድምፅ ተሰማ። ቢላዋው ደረጃው ላይ ተንኳኳ፤ ከዚያ ሰው ወደቀ፤ ባልየውና አሮጊቷ ተቆራኝተው ነበርና አብረው ወደቁ። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ብዙ አይደለም።

አሮጊቷ «ልጄ» ብለው ሲጠሩኝ ሰማሁ።

አልሄድኩም። በመዳፌ ሥር የደም ሥሩ ይመታል፤ እጄን ካነሳሁ ይህችኛዋ ትሞታለች። አሮጊቷ ከታች ያቃስታሉ፤ እርግጫውም ይሰማል። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አምላከ እስራኤልንም፣ ደንቡንም፣ ወንድምየውንም ተራ በተራ እሰድባለሁ።

ነጂው ከያዙት ሰዎች አምልጦ ኦክስጅኑን ይዞ ደረሰ። አሮጊቷን ተራምጄ ነው ያለፍኩት አለኝ። ፖሊሶቹ የመጡት ሚስቲቱን ቃሬዛ ላይ ስናወጣ ነው። ባልየው ጭንቅላቱ ቢፈነከትም ሕያው ነበር፤ አሮጊቷ ላዩ ላይ ወድቀው እርግጫው እሳቸው ላይ አርፏል። ወንድምየው የረገጠው የማንን ጎን እንደሆነ ሲያይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። አንድ ፖሊስ ነጠላውን ሊፈታ ጎንበስ ቢል አሮጊቷ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ እጁን ነከሱት። በመቀስ መሃሉን ቆረጠው። ግማሹ ከሰውየው ጋር ሄደ፤ ግማሹ አንጓቸው ላይ ቀረ።

ሚስቲቱ ዳነች፤ አንድ እግሯን ትጎትታለች።

እኔን ኮሚቴ ፊት አቀረቡኝ። ቦታው ደህና መሆኑን ማን አረጋገጠልሽ አሉኝ። አንዲት አሮጊት፣ በነጠላቸው አልኩ። አንዱ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው ፖሊስ ሳይጠብቅ ገብቶ፣ ቦርሳው በእጁ እንዳለ መታረዱን ነገረኝ። ደንቡን ሞኝ የጻፈው ይመስለኝ ነበር። ፈቃዴን እስከ በጋው መጨረሻ ወሰዱብኝ። ብጠብቅ ኖሮ ሚስቲቱ ሞታ ነበር። አሮጊቷን በነጠላቸው ይዤ ባስቀራቸው ኖሮ ዛሬ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱን ማስታረቅ ግን አቅቶኛል።

ሆስፒታል እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ነርሶቹ ያንን የደረቀ ጨርቅ ሊያወልቁ ሲሞክሩ ይቧጭሯቸዋል፤ እጃቸውን ሲያጥቧቸው በላስቲክ እንዲሸፍኑት የለመንኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ዳኛ ዘንድ ደረሰ ወይ ይሉኛል ሁልጊዜ። ገና ነው እላቸዋለሁ። ያን «ልጄ» የሚለውን ጥሪ ግን ሁለታችንም አናነሳውም። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነበር።

ፍርድ ቤት የተጠራነው ክረምት ሲገባ ነው። አሮጊቷ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ፤ የሚገፋቸው ወንድምየው ነው። ካሳ ብሎ ራሱ ላይ የጣለው ሥራ ነው፤ እሳቸውም እንደ በቅሎ ይነዱታል። ባልየው ማዶ በጠባቂዎች መሃል ተቀምጧል። ምስክርነታቸውን ሲጨርሱ ዳኛዋ አመስግና መሄድ እንደሚችሉ ተናገረች፤ አስተርጓሚው ነገራቸው። እሳቸው አልሄዱም። እጃቸውን አነሱ።

«ይኸው አድርሻለሁ። ይፍቱኝ» አሉ።

አስተርጓሚው አፍሮ አቀረቀረ፤ ዳኛዋ ምን እንዳሉ ደግማ ስትጠይቀው ተረጎመላት። ጨርቁን ብዙ አየችው። ከዚያ ከመጣው ሰው አንዱ ይፍታላቸው አለች። አሮጊቷ በአገጫቸው እኔን አመለከቱ።

ቋጠሮው በደም ደርቆ ጠንክሯል፤ ጥፍሬ አልበገረውም። ተንበርክኬ በጥርሴ ያዝኩት፣ ከጎደለው ጥርሴ አጠገብ ባለው። ባልየው ቀበቶ የለውም፤ እስር ቤት ወስደውበታል። እጁ ግን ወገቡ ላይ፣ ቋጠሮው የነበረበትን ቦታ ይዞ ነበር። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ሥር አንሾካሾኩ።

«ያን ዕለት የጠራሁሽ እጅሽን እንዳታነሺ ልልሽ ነበር። ትንፋሽ አጠረኝ» አሉኝ።

እውነታቸውን ይሁን ለኔ አዝነው ዛሬም አላውቅም። አለቀስኩ፤ ቋጠሮውም ላላ። ጨርቁን አጣጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና ወንድምየውን «ግፋ» አሉት።